ከመጠይቁ ጋር ሁለት ዶላር፦ ማባበል ነው ወይስ ማክበር?

ለገበሬ በፖስታ በሚላክ መጠይቅ ውስጥ ገንዘብ መክተት ያዋጣል ወይ? አንድ የኢንተርኔት የውይይት ክር፣ ማለትም ሰዎች ተራ በተራ ምላሽ የሚጽፉበት ገጽ፣ የተከፈተው በዚህ ጥያቄ ነው። ጠያቂው በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በቆሎና አኩሪ አተር የሚያመርቱ 1,000 ገበሬዎችን ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀማቸው ሊጠይቅ ተዘጋጅቷል። መጠይቁ 12 ገጽ ነው። ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ጥናት ተሞክሮ ከአሥር ሰው ሦስቱ ብቻ ነበሩ የመለሱት። አሁን 2,000 ዶላር ተርፎታል። ሁለት ምርጫ አስቀመጠ። አንዱ በእያንዳንዱ ፖስታ ሁለት ሁለት ዶላር መክተት ነው። ሌላው ሞልተው ለመለሱት ብቻ ቆይቶ ስድስት ዶላር ገደማ መላክ ነው። እሱ ያዘነበለው ወደ ሁለተኛው ነው። ላልመለሰ ሰው ገንዘብ መስጠት ብክነት ሆኖ ታየው።

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ብዙ ተማርኩበት፤ አንዳንድ ቦታም ተናደድኩ። ስለዚህ በራሴ አነጋገር ላውጋችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው ምላሽ ትሁት ነው። ጠያቂውን አመስግኖ፣ ምርጫው ግን የተገላቢጦሽ እንደሆነ ነገረው። ገንዘቡ ቀድሞ መግባት አለበት አለ። ምክንያቱም ቀላል ነው። ቆይቶ የሚከፈል ስድስት ዶላር ደሞዝ ይመስላል። ገበሬው ወዲያው ሒሳብ ይሠራል፤ የአንድ ሰዓት ሥራ በስድስት ዶላር አይዋጣለትም። ፖስታው ውስጥ የሚያገኘው ሁለት ዶላር ግን ደሞዝ አይደለም። ሰው አምኖት ቀድሞ የሰጠው ነገር ነው። የተሰጠው ሰው ደግሞ አንድ ነገር መመለስ ይፈልጋል። ሶሲዮሎጂስቱ አልቪን ጎልድነር በ1960 ስለዚህ የመመላለስ ደንብ ጽፎ ነበር። የፖስታ መጠይቅ ነገር ሲነሳ ስሙ ሁሌም የሚጠራው ዶን ዲልማንም መላ ዘዴውን የገነባው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

2ኛው ተስማማ፤ ማስረጃም ጨመረ። ተመራማሪው አለን ቸርች በ1993 ያሳተመውን ጠቀሰ። ቸርች 38 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ ነበር ያነጻጸረው። ገንዘብ ከመጠይቁ ጋር ቀድሞ ሲላክ የምላሹ መጠን በአማካይ 19 የፐርሰንት ነጥብ ገደማ ከፍ ብሏል። እስክሪብቶና የመሳሰለው ስጦታም ረድቷል፤ ግን የገንዘቡን ግማሽ ያህል እንኳ አልሆነም። ከመለስክ እከፍልሃለሁ የሚለው ቃል ኪዳን ግን ይህ ነው የሚባል ውጤት አላሳየም።

3ኛዋ ይህን በአንድ ምሳሌ አጠናከረችው። በ1992 የታተመ ሌላ ጥናት በትናንሽ የግንባታ ተቋራጮች ላይ የተሠራ ነው። ለአንዳንዶቹ ሲመልሱ 50 ዶላር እንደሚከፈላቸው ተነገራቸው። ለአንዳንዶቹ አንድ ዶላር ፖስታው ውስጥ ተከተተ። አንድ ዶላሩ በለጠ! የ50 ዶላሩ ተስፋ ምንም ካልተሰጣቸው ሰዎች ብዙም አልራቀም። ተቋራጭና ገበሬ ይመሳሰላሉ ብላ ተከራከረች። ሁለቱም የራሳቸውን ሥራ የሚመሩ፣ ጊዜ የሚያጥራቸው፣ ከወረቀት ሥራ የሚሸሹ ሰዎች ናቸው። ማመሳሰሉ ጥሩ ይመስለኛል። ለጠያቂው ከሁሉም በላይ መድረስ የነበረበትም ይህ ምላሽ ነው።

እስከዚህ ሁሉም ሰላም ነው። 4ኛው ግን የሒሳብ ሰው ነበር፤ በጨዋነት ተቃወመ። እስቲ እንደምሳሌ ብሎ ጀመረ። አንድ መጠይቅ ከኅትመቱ፣ ከቴምብሩና ከማስታወሻ ደብዳቤው ጋር አራት ዶላር ይፈጃል እንበል። ያለ ገንዘብ 1,000 ተልኮ 300 ቢመለስ 4,000 ዶላር ለ300 ይካፈላል። አንድ ምላሽ 13 ዶላር ከምናምን ሳንቲም ይሆናል። ሁለት ዶላር ሲጨመርበት ወጪው 6,000 ይደርሳል። 450 ሰው ቢመልስ እንኳ የአንዱ ምላሽ ዋጋ ያው 13 ዶላር ከምናምን ነው። ታዲያ ምን ተረፈ ብሎ ጠየቀ።

5ኛው ሒሳቡ ልክ መሆኑን አምኖ የጎደለውን ሞላለት። ቶሎ የመለሰ ሰው ማስታወሻ ደብዳቤና ሁለተኛ መጠይቅ አይላክለትም። ስለዚህ አራት ዶላሩ ራሱ ይቀንሳል። ከዚያም በላይ ብዙ ጥናቶች በፖስታ ያልመለሰውን ሰው ዝም ብለው አይተዉትም። ይደውሉለታል፤ አንዳንዴም ቤቱ ድረስ ሰው ይልካሉ። ከአንድ እርሻ ወደ ሌላው ረጅም መንገድ የሚነዳ መረጃ ሰብሳቢ ነዳጁና አበሉ ሲታሰብ የስንት ፖስታ ዋጋ በአንድ ቀን ይበላል። እኔ ከዚህ በፊት የሚቀድም ነገር አለ ባይ ነኝ። በተመሳሳይ ዋጋ ከ300 ይልቅ 450 ምላሽ ማግኘት በራሱ ትልቅ ትርፍ ነው። ይህን ማንም በግልጽ አላነሳውም።

6ኛው ጥሬ ገንዘብ በፖስታ መላክ ሕገወጥ ነው ብሎ ጻፈ። 7ኛዋ ቆጣ ብላ መለሰችለት። በአሜሪካ ውስጥ ሕገወጥ አይደለም። ፖስታ ቤቱ ግን ጥሬ ገንዘብ ባይላክ ይመክራል። በተራ ፖስታ የተላከ ጥሬ ገንዘብ ከጠፋ ጠፋ ነው። ያላረጋገጡትን ሕግ አትናገሩ የሚል ምክርም ጨመረችበት። እውነቷን ነው፤ ትንሽ ለስለስ ብትል ግን አይከፋም ነበር። እውነተኛው ችግር ያለው ከተቋማት ሒሳብ ክፍል ዘንድ ነው። ደረሰኝ የሌለው 2,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ሲያዩ እንቅልፍ ያጣሉ። ይህን ያነሳችውም እሷው ነች።

8ኛው የሁለት ዶላር ኖት ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሁለት ባለ አንድ ዶላር ሳይሆን አንድ ባለ ሁለት ዶላር። ብዙ አጥኚዎች እሱን የሚመርጡት ሰው እጅ እምብዛም ስለማይገባ ነው። ያልተለመደ ነገር ዓይን ይይዛል። ፖስታውን ከፍቶ ያየው ሰው መጠይቁን እንደ ተራ ማስታወቂያ አይጥለውም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ መንገድ ሳተ። 9ኛውና 10ኛው ስለ ኖቱ ታሪክ ማውራት ጀመሩ። በ1966 መታተሙ ቆሞ በ1976፣ አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር መመለሱን፣ ከፊቱ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን፣ ከጀርባው የነጻነት አዋጁ ሲቀርብ የሚያሳየው ሥዕል መኖሩን ተረኩ። እንግዲህ ለሰብሳቢዎች ደስ የሚል ወሬ ነው።

ክሩን ወደ ቁም ነገሩ የመለሱት 11ኛዋ ናቸው። ለዓመታት በእርሻ መረጃ ሰብሳቢነት የሠሩ ሴት ናቸው። ስለ አንድ አዛውንት ገበሬ አወሩ። ሰውየው ባዶውን መጠይቅ ኖቱን በፕላስተር ለጥፎበት መልሶ ላከው። ሴትዮዋ በኋላ በአካል ሲሄዱ ገበሬው በትሕትና ተቀበላቸው። ገንዘቡን የመለሰው ስላስቆጣው አልነበረም። የማይሠራበትን ገንዘብ መያዝ ስለከበደው ነው። ያን ቀን ግን ቁጭ ብሎ ጥያቄዎቹን በሙሉ መለሰላቸው። እሳቸው ከዚህ የወሰዱት ነገር አለ። ሁለት ዶላሩ ምላሽ አይገዛም። በር ግን ያስከፍታል። ገበሬው ያንን ፖስታ አስታውሶታል፤ ሴትዮዋ ሲደርሱ እንግዳ አልሆኑበትም።

በዚህ መሀል 12ኛው መጣና የክሩ መንፈስ ተቀየረ። ከገበሬ ቤተሰብ የወጣ ነው። እናንተ ስለ ሁለት ዶላር ትጨቃጨቃላችሁ፤ ገበሬው የሚጠላው ግን መጠይቁን ሳይሆን ከመጠይቁ በኋላ የሚመጣውን ነው ብሎ ጀመረ። ገበሬው ስንት ሄክታር እንደዘራ ይነግራቸዋል። እነሱ ሪፖርት ያወጣሉ። ሪፖርቱ ምርት በዝቷል ካለ በዚያው ቀን ዋጋ ይወርዳል። በኦገስት 2019 የሆነውን አስታወሰ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ12ኛው ቀን ያወጣው የሰብል ሪፖርት ገበያው ከጠበቀው በላይ በቆሎ አሳየ። የበቆሎ ዋጋ የምርት ገበያው ደንብ በአንድ ቀን እንዲወርድ የሚፈቅድለትን ያህል ወረደ። ቁጣው ከመጠን በላይ ሆነ። በዚያው ሰሞን ምርቱን በየማሳው ዞሮ ለመገመት በተደረገ የሰብል ጉብኝት ላይ የነበሩ የሚኒስቴሩ ሠራተኞች ዛቻ ስለደረሰባቸው ከጉብኝቱ እንዲወጡ ተደረገ። 12ኛው ዛቻውን አልደገፈም፤ ይህን በግልጽ ጽፏል። ግን እንዲህ የተቆጣን ሰው በሁለት ዶላር አታለዝቡትም፤ እንዲያውም እንደ ንቀት ያየዋል አለ።

ይህ ምላሽ ብዙ ሰው አስቆጣ። እኔ ግን ከክሩ ውስጥ ከባዱና አስፈላጊው ጥያቄ ይህ ነው እላለሁ። ገንዘብ ትኩረት ይስባል፤ እምነት ግን አይተካም። ሁለቱን የሚያምታታ አጥኚ በየዓመቱ ኖቱን እያበዛ ይሄዳል፤ የምላሹ መጠን ግን አይጨምርለትም።

13ኛዋ መልሷ ስለታም ነበር፤ ባዶ ግን አልነበረም። የገበሬው መረጃ በሕግ የተጠበቀ ነው አለች። በ2002 የወጣው የምስጢር ጥበቃና የስታቲስቲክስ ሕግ የአንድን መላሽ መረጃ አሳልፎ የሰጠ ሠራተኛን እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል ይላል። ቀጥላም ዝምታ ራሱ ገበሬውን እንደሚጎዳ አሳየች። የግብርና ሚኒስቴሩ አካል የሆነው የብሔራዊ ግብርና ስታቲስቲክስ አገልግሎት የአንድ ካውንቲን፣ ማለትም የአንድ ወረዳን፣ የሰብል ግምት ለማሳተም ለረጅም ጊዜ የተከተለው መስፈርት ነበረው። ቢያንስ 30 ምላሽ፣ አለዚያም ከታጨደው መሬት ቢያንስ 25 ፐርሰንቱን የሚሸፍን ምላሽ ማግኘት ነበረበት። ያ ካልተሟላ የዚያ ካውንቲ ቁጥር አይወጣም። በ2014 የወጣው የግብርና ሕግ ያቋቋመው አንድ የድጎማ ፕሮግራም ደግሞ ክፍያውን ሲያሰላ የካውንቲውን አማካይ ምርት ይጠቀማል። ቁጥር ሲጠፋ ከሌላ ምንጭ መፈለግ ግድ ሆነ። በዚህ የተነሳ ጎን ለጎን ባሉ ካውንቲዎች የተለያየ ክፍያ የደረሳቸው ገበሬዎች ቅሬታ አሰሙ። ስለዚህ መልስ አልሰጥም ያለ ሰው ከቢሮክራሲ ጋር የተጣላ መስሎት ከራሱና ከጎረቤቱ ጥቅም ጋር ሊጣላ ይችላል አለች።

14ኛው ምላሽ እንደገና የ12ኛው ነው፤ ይህን ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ሕግ ሕግ አትበሉኝ አለ። በየአምስት ዓመቱ የሚደረገውን የግብርና ቆጠራ መመለስ በሕግ ግዴታ ነው። ታዲያ ምን ሆነ? በ2012 የምላሹ መጠን 74.6 ፐርሰንት ነበር። በ2017 ወደ 71.8 ወረደ። በ2022 ወደ 61 ወደቀ። ግዴታም ሆኖ እንዲህ ነው። ለ13ኛዋም በግል የተናገራት ነገር ነበረ። እዚህ አልደግመውም። ቁጥሮቹ ግን ትክክል ናቸው፤ ቁጭ ብሎ ሊታሰብባቸውም ይገባል።

15ኛው ላይ ጠያቂው ራሱ ገብቶ ሰዎችን አረጋጋ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔ ያለኝ አንድ መጠይቅና ትንሽ በጀት ነው አለ። ከዚያም የሒሳብ ክፍሉ ጥሬ ገንዘብ ከከለከለው ካርድ ይሠራ እንደሆን ጠየቀ።

16ኛው መልሱ ነበረው። የግብርና ሀብት አስተዳደር ጥናት የሚባለውና ስለ እርሻ ገቢና ወጪ በዝርዝር የሚጠይቀው ትልቁ ጥናት በ2004 ይህን ሞክሮታል። በፖስታ ለተላኩ መጠይቆች 20 ዶላር የተሞላበት የኤቲኤም ካርድ አብሮ ተላከ። ከካርዱ ጋር ከተላኩት በፖስታ የተመለሱት ጨመሩ። የካርድ ጥቅሙ ገንዘቡ ካልወጣ ለላኪው መቅረቱ ነው። መልሰውም ካርዱን ያልተጠቀሙ ገበሬዎች ነበሩ። ጉድለቱ ደግሞ ካርዱን ወደ ማሽን ይዞ መሄድ ማስፈለጉ ነው፤ ከገጠር ማሽኑ ሩቅ ነው። ኖት ግን እዚያው እጅ ላይ ነው። 16ኛው አንድ ነገር አክሏል። በመንግሥት ጥናት ላይ ማበረታቻ ለመክፈል አስቀድሞ ከዋይት ሐውስ የበጀት ቢሮ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ጠያቂው ግን የመንግሥት ስላልሆነ ያ አይመለከተውም።

ከዚያ 17ኛው አንድ ብልሃት አመጣ። ለሁሉም ከመላክ ይልቅ መጀመሪያ ያለ ገንዘብ ላክ፤ እምቢ ላሉት ብቻ ቆይተህ አሥር ዶላር ጨምር አለ። በወረቀት ላይ ያምራል። 18ኛዋ ግን አልተቀበለችውም። ያለምንም ክፍያ በቅንነት የመለሰው ገበሬ፣ እምቢ ያለው ጎረቤቱ አሥር ዶላር እንደተሰጠው ሲሰማ ምን ይሰማዋል? ገበሬዎች ይተዋወቃሉ። ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ማሽነሪ ሲጠግኑ ይገናኛሉ። የዛሬው ብልሃት የነገውን ጥናት ያበላሻል አለች። 19ኛው ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከረ። በ1999 ተመራማሪዋ ኤሌኖር ሲንገርና ባልደረቦቿ ይህንኑ አጥንተው ነበር። ብዙ ሰዎች ለእምቢተኛ ብቻ መክፈልን ፍትሕ የጎደለው ነው ብለዋል፤ ነገር ግን ይህን ማወቃቸው ራሱ ለመተባበር ያላቸውን ፈቃድ ብዙ አልቀነሰውም። ይህ ለ17ኛው ድጋፍ መሆኑ ነው። እኔ ግን ከ18ኛዋ ጋር ነኝ። ኢፍትሐዊ መሆኑ እየታወቀ፣ ሰዎቹ ስለማይከፋቸው ብቻ ይደረግ ማለት አይዋጥልኝም። ቅን ሰው ከእምቢተኛ ያነሰ ማግኘት የለበትም።

20ኛው አጭር ነበር፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የላቀ ነው። እስካሁን የተወራው ስንት ሰው መለሰ የሚለው ነው፤ ማን መለሰ የሚለውን ማንም አልጠየቀም አለ። ትልልቅ እርሻዎች ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ምርቱ ግን የእነሱ ነው። ስለዚህ በየጥናቱ እነሱ ናቸው የሚመረጡት። መጠይቅ ሰልችቷቸዋል። በሺህ የሚቆጠር ሄክታር የሚያርስ ሰው በሁለት ዶላር ልቡ ላይነካ ይችላል። ገንዘቡ ትንንሾቹን ብቻ ካመጣ የምላሹ መጠን ከፍ ይላል፤ ስዕሉ ግን የባሰ ይጣመማል። ማዳበሪያን ለሚያጠና ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከጠቅላላው ማዳበሪያ ብዙውን የሚጠቀሙት ትልልቆቹ ናቸው። 450 ምላሽ አግኝቶ ትልልቆቹን ያጣ ጥናት፣ ሁሉንም ዓይነት ገበሬ ከያዘ የ300 ሰው ጥናት ያነሰ ሊሆን ይችላል። እኔም ቀደም ብዬ ስለ 450ው የጻፍኩት ከዚህ ጋር ታይቶ ነው ልክ የሚሆነው።

21ኛዋ ወደ ተግባሩ ገባች። 12 ገጹን ወደ 6 አውርደው። በኤፕሪልና በሜይ አትላክ፤ ዘር ላይ ናቸው። ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበርም አትላክ፤ አጨዳ ላይ ናቸው። በብርዱ ወቅት፣ በፌብሩዋሪ አካባቢ ላክ። መጀመሪያ አጭር ደብዳቤ ይድረሳቸው፤ ከዚያ መጠይቁ ከነኖቱ፤ ከዚያ የምስጋና ካርድ፤ ላልመለሱት ሁለተኛ መጠይቅ። ደብዳቤው ላይ ማን እንደሚጠይቅና መረጃው የት እንደሚደርስ በግልጽ ይጻፍ። ገንዘቡም ክፍያ ሳይሆን ምስጋና መሆኑ ይነገር። ለ12ኛው ቅሬታ የተሻለው መልስ የእሷ ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ ስሙን ባትጠራም።

22ኛው ጠያቂው ነው። ሐሳቡን ቀይሯል። ስድስት ዶላሩን ቃል ከመግባት ይልቅ ባለ ሁለት ዶላር ኖት ሊከት ወስኗል። ለ500ው በዕጣ ለይቶ ከገንዘብ ጋር ይልካል፤ ለቀሩት 500 ያለ ገንዘብ። መጠይቁን ወደ 8 ገጽ አሳጥሯል፤ ወደ 6 ማውረድ አልሆነለትም።

23ኛው ይህን ተቃወመ። 500 ገበሬ መንፈግ 18ኛዋ የተናገረችውን አድልዎ መድገም ነው፤ በጀቱ ስላለ ለሁሉም ይላክ አለ። እዚህ ላይ አልስማማም። 18ኛዋ የተቃወመችው እምቢተኛን መሸለም ነው። ይህ ግን ዕጣ ነው፤ ማንም በባሕርዩ አልተቀጣም፤ የጥናቱ ፖስታ ከወጣ በኋላም ለቀሩት ምስጋናውን መላክ ይቻላል። ያለ ገንዘብ የተላከላቸው 500 ከሌሉ ደግሞ፣ የምላሹ መጠን ቢጨምር ኖቱ ያመጣው ይሁን መጠይቁ ማጠሩ ወይም በብርዱ ወቅት መላኩ መለየት አይቻልም። ጠያቂው መመዝገብ ያለበት አንድ ነገር ይቀረዋል። ከሁለቱም ወገን የመለሱትን በእርሻቸው ስፋት መለየት አለበት፤ ትልልቆቹ በየትኛው ወገን እንደመለሱና በየትኛው እንደቀሩ እንዲታይ።